ሾክ አብዞርበሩን ከመቀየርዎ በፊት ጎሚኒውን ያስፈትሹ

ጠያቂ ወንድማችን፣ በየቀኑ ከአዳማ ሞጆ የሚመላለሱበት 2003 ሞዴል ኮሮላ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲያልፍ ከፊት በኩል «ቋ» የሚል ድምፅ ማሰማት እንደ ጀመረ ጽፈዋል። አንዱ መካኒክ ርካሽ አዲስ ሾክ አብዞርበር፣ ሌላው ያገለገለ ኦሪጅናል፣ ሦስተኛው ደግሞ መኪናውን ከፍ የሚያደርግ ስፔሰር እንዲያስገቡ እንደ መከሩዎትም ገልጸዋል። እኔ በዚሁ ከተማ ተመሳሳይ መኪና ዘጠኝ ዓመት ነድቻለሁ። የፊቱን ሾክ ሦስት ጊዜ ቀይሬያለሁ፤ ከሦስቱ አንዱ ግን በገዛ ስሕተቴ የመጣ ወጪ ነበር።

በመጀመሪያ ድምፁን ከሾኩ ይለዩት። የሞተ ሾክ አብዛኛውን ጊዜ አይንኳኳም፤ መኪናው ጉብታ ካለፈ በኋላ እንደ ጀልባ ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲዋልል ያደርገዋል እንጂ። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው፤ የሾኩ ዋና ሥራ ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎች እንዲያልፍ በማስገደድ የሞላውን መርገብገብ ማብረድ ነው። የሚንኳኳው ብዙ ጊዜ ስታብላይዘር ሊንኩ (መኪናው ሲታጠፍ እንዳያዘነብል የሚይዘውን ብረት የሚያገናኘው አጭር ዘንግ)፣ የሎወር አርሙ (ጎማውን ከሥር የሚይዘው ክንድ) ጎሚኒ፣ ማለትም በብረቶቹ መካከል ያለው ላስቲክ፣ ቦል ጆይንቱ (የክንዱ ጫፍ ክብ መገጣጠሚያ) ወይም ከሾኩ አናት ላይ ያለው ጎሚኒና ኩሽኔታ ነው። እኔ የምለየው እንዲህ ነው፦ በኮብልስቶን ላይ ቀስ ብዬ ስሄድ አንዱ ጎማ ብቻ ጉድጓድ ሲገባ ድምፁ ከመጣ ሊንኩን እጠረጥራለሁ፤ ሁለቱም የፊት ጎማዎች እኩል ጉብታ ሲወጡ ሊንኩ ብዙም ስለማይጫን፣ ያን ጊዜ የሚሰማው ድምፅ የአናቱ ጎሚኒ ወይም የሎወር አርሙ ሊሆን ይችላል። እርስዎ የጠቀሱት ጉብታ ስለ ሆነ ገንዘብዎን ለሾክ ከማውጣትዎ በፊት እነዚህን ሁለቱን ያስፈትሹ።

ሾኩ ራሱ ማለቁን የሚያሳየው ከሰውነቱ ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት፣ የጎማ ጥርስ እየተፈራረቀ አንዱ ቦታ ተበልቶ ሌላው መቅረቱ፣ እንዲሁም በፈጣን መንገዱ ላይ ፍጥነት ሲጨምሩ መኪናው መሬቱን በደንብ ያልያዘ መምሰሉ ነው። የሾኩ ዘንግ ወደ ሰውነቱ በሚገባበት አፍ አካባቢ የሚታይ ቀጭን እርጥበት ግን ብቻውን ማለቅ አይደለም። በአዳማ ነፋስና አቧራ ያ እርጥበት ወዲያው ጥቁር ቅርፊት ስለሚሠራ ብዙ ሰው ደንግጦ ደኅናውን ሾክ አውልቆ ይጥላል።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ ያገለገለ ሾክ ኦሪጅናል ቢሆንም እንዲገዙ አልመክርም። የዘይት ማኅተሙ ላስቲክ ስለ ሆነ ከዕድሜ ጋር ይደርቃል፤ ምን ያህል ኪሎ ሜትር እንደ ተነዳም የሚናገርልዎት የለም። አዲስ ከሆነ፣ ለቶዮታ ፋብሪካም የሚያቀርበው የጃፓኑ ካያባ ለዚህ መኪና በኦሪጅናሉ ልክ የተሠራ አለው፤ ይሁን እንጂ ካርቶኑን አይመኑ። በሻንሲ ቁጥር (በመኪናው አካል ላይ በተቀረጸው መለያ) ትክክለኛውን የዕቃ ቁጥር ካወቁ በኋላ፣ አዳማም ሆነ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሲገዙ በሾኩ አካል ላይ የተጻፈው ቁጥር ከካርቶኑ ጋር መግጠሙን ያመሳክሩ፤ የፊት ግራና ቀኝ የተለያዩ መሆናቸውንም አይርሱ። ከዚያም ሾኩን ቀጥ አድርገው አቁመው በእጅዎ ጥቂት ጊዜ ዝቅ ከፍ ያድርጉት፤ ተቃውሞው ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆን አለበት። ዘንጉ በራሱ መነሣቱ ውስጡ ጋዝ መኖሩን ብቻ ያሳያል እንጂ ጥራቱን አያሳይም፤ ሻጮች ግን ይህንኑ እንደ ማረጋገጫ ያቀርቡታል። «ጠንካራ ነው፣ ለእኛ መንገድ ይሆናል» የሚባለውንም ይጠንቀቁ። ለዚህ ቀላል መኪና ከልክ ያለፈ ጥንካሬ ያለው ሾክ የኮብልስቶኑን ምት በሙሉ ወደ አናቱ ጎሚኒና ወደ አካሉ ያስተላልፋል።

ስፔሰሩን በተመለከተ፣ ያረጀው ሞላ መኪናውን ዝቅ አድርጎት ከሆነ መድኃኒቱ በኦሪጅናሉ ልክ የተሠራ አዲስ ሞላ ነው። ስፔሰር መኪናውን ከፍ ሲያደርገው ሲቪ ጆይንቱ (የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ መገጣጠሚያ) እና ቦል ጆይንቱ ከተሠሩበት በላይ በሆነ ማዕዘን ይሠራሉ፤ ስፔሰሩ ሞላው ላይ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ጎማው ወደ ታች ሲወርድ ለሾኩ ዘንግ የሚቀረው መንገድ ያጥራል። ወደ ገጠር የሚገቡ ከሆነ ፍላጎቱ ይገባኛል፤ ለሞጆ አስፋልት ግን አያስፈልግዎትም።

አሁን ስሕተቴን ልናገር። ሁለተኛውን ጥንድ የገጠመልኝ ባለሙያ ፈጣን ሰው ነበር፤ እኔም በፍጥነቱ ተደስቼ አጠገቡ ቆሜ አይ ነበር። የአናቱን ዳዶ ሲያጠብቅ ዘንጉ አብሮ እየዞረ ስላስቸገረው፣ አብረቅራቂውን ዘንግ በፒንሳ ነክሶ ያዘው። በዘንጉ ላይ የቀሩት አራት የጥርስ ምልክቶች ከጥፍር ጭረት አይበልጡም ነበርና ዝም አልኩ። ዘንጉ በገባ በወጣ ቁጥር ግን እነዚያ ጭረቶች ማኅተሙን ሲልጡት ከረሙና በአምስተኛው ወር ዘይቱ ጎማዬ ላይ ይወርድ ጀመር። በዚያው ቀን የሎወር አርሙን ቡሎኖች መኪናው ክሪክ ላይ እንዳለ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ አጥብቋቸዋል። ጎሚኒው በዚያ ሁኔታ ከተያዘ መኪናው መሬት ሲነካ ተጠምዝዞ ይቀራልና ሳያረጅ ይቀደዳል። ስለዚህ ቡሎኖቹ መኪናው በጎማዎቹ ላይ ከቆመ በኋላ የመጨረሻውን ማጠንከሪያ እንዲያገኙ፣ ዘንጉም በፒንሳ እንዳይነካ ሥራው ሳይጀመር አስቀድመው ይነጋገሩ። ሾኩን ሁልጊዜ በጥንድ ይቀይሩ፤ የአቧራ መከላከያውን ላስቲክና ከውስጡ ያለውን ስፖንጅም አብረው ያስቀይሩ፣ ምክንያቱም የተቀደደ መከላከያ የእኛን አሸዋማ አቧራ በቀጥታ ዘንጉ ላይ ያሳርፋል።

ጥገናው ብዙ አይደለም። የሞተር ዘይት በቀየርኩ ቁጥር ከሥር ገብቼ የአቧራ መከላከያዎቹንና ጎሚኒዎቹን በባትሪ አያቸዋለሁ። ከሥር የተቃጠለ ዘይት ማስረጨት ብረቱን ከዝገት ይከላከላል ቢባልም ላስቲኩን ያሳብጠዋልና እኔ ትቼዋለሁ። አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ግን ወዲያው እንደ ተገጠመ ከማሠራት ይልቅ፣ መሪው ካልጎተተ በስተቀር፣ አዲስ ሞላ ካስገቡ አንድ ሳምንት ያህል ነድተው ሞላው ቦታውን ሲይዝ ቢያሠሩት ይሻላል፤ በዚያው ቀን የአናቱን ዳዶዎችም ደግመው ያስፈትሹ።