ሥልጠናውን የሰጠሁት ሰው አለቃዬ ሆነ

ውድ እህቴ፣

በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በውጭ ዜጎች በሚተዳደር የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ለአራት ዓመታት በሱፐርቫይዘርነት ስትሠሪ መቆየትሽን፣ ሥራውን ያለማመድሽው የውጭ ዜጋ በስድስት ወሩ አለቃሽ ሆኖ መሾሙን፣ ሥራ አስኪያጁም እሑድ አልገባም በማለትሽ «ለሥራው ያለሽ ትጋት ያንሳል» እንዳለሽ ጽፈሽልኛል። አባትሽ ደግሞ ያጎረሰ እጅ አይነከስም በማለት ዝም እንድትዪ መክረውሻል፤ እናትሽ ዱባይ ሂጂ ይሉሻል፤ አንቺም ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር አስበሻል።

ለአባትሽ ያለኝ አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በምክራቸው ፈጽሞ አልስማማም። ደመወዝሽን ላብሽን አፍስሰሽ ያገኘሽው እንጂ ማንም ያጎረሰሽ አይደለም። በካናዳ የሠሩት ተመራማሪዎች ጆን ሜየርና ናታሊ አለን በ1991 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት አከፋፈል መሠረት፣ ሠራተኛን ከድርጅቱ ጋር የሚያቆራኙት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም ከልብ መውደድ፣ ቢለቁ የሚታጣውን መፍራትና የውለታ ስሜት ናቸው። እኔ እንዳየሁት እኛ ዘንድ ሦስተኛው ያይላል። በደብዳቤሽ ውስጥም «ሥራ ያስተማሩኝን ሰዎች እንዴት እጠይቃለሁ» የሚለው ሐሳብ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። አንቺ በይሉኝታ ዝም ስትዪ ግን፣ ከሌላ ባህል የመጣው ሥራ አስኪያጅ ዝምታሽን ዕድገቱን እንዳልፈለግሽ ሊቆጥረው ይችላል።

ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። በሰው ሀብት ሥራ በተቀጠርኩበት የመጀመሪያ ፋብሪካ ዕድገት ሲያልፈኝ ዓመት ሙሉ ቂም ይዤ ከረምኩ። በመጨረሻ ድፍረት አግኝቼ ስጠይቅ፣ የውጭ ዜጋ የነበረው አለቃዬ ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አውጥቶ የእኔንና ዕድገቱን ያገኘውን ሰው ነጥብ ጎን ለጎን አሳየኝ፤ እኔ የወደቅሁት ወርኃዊ ሪፖርት በሚለው ረድፍ ላይ ብቻ ነበር። ውሳኔው ባይጥመኝም መመዘኛውን ማየቴ ቁጣዬን አበረደው፤ በዚያው ቤት ስምንት ዓመት ቆየሁ። መጀመሪያ ጠይቂ፣ መልቀቁ ይደርሳል የምልሽም ለዚህ ነው።

ጥያቄሽ የሕግ መሠረት አለው። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ዜጋ የቀጠረ ባለሀብት አስፈላጊውን ሥልጠና እየሰጠ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በኢትዮጵያውያን እንዲተካው ያስገድደዋል። ስለዚህ «ለዚህ ቦታ እኔን ለማብቃት ምን ዕቅድ አላችሁ? መመዘኛውስ ምን ነበር?» ብለሽ በጽሑፍ ብትጠይቂ ከውለታ ቢስነት ሊቆጠርብሽ አይገባም። መመዘኛ የላቸውም ወይም ሊያሳዩሽ አልፈለጉም እንበል፤ ያን ጊዜ ሌላ ሥራ መፈለግ ትጀምሪያለሽ።

እሑድን በተመለከተ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል፤ በሳምንት ዕረፍት ቀን ለተሠራ ሰዓትም የመደበኛው ሁለት እጥፍ ይከፈላል። ትጋትሽ እሑድ በመግባትና ባለመግባት ብቻ እንዲለካ አትፍቀጂ። እናትሽ ዱባይ ሂጂ ማለታቸውን ግን፣ ሙያሽን የሚመለከት የሥራ ውል በእጅሽ እስኪገባ ድረስ አትቀበዪ። ሁለተኛ ዲግሪውም ለአንድ ዓመት ቢቆይ አይጎዳሽም።

ማመልከቻሽን ከአንድ ገጽ ሳታሳልፊ፣ በአራቱ ዓመታት ያሠለጠንሻቸውን ኦፕሬተሮች ብዛትና የላይንሽን (የምትቆጣጠሪውን የስፌት መስመር) ውጤት በቁጥር አስፍረሽ በሁለት ቅጂ አዘጋጂው። አንዱን ለሰው ሀብት ክፍል አስገቢ፤ በአንቺ ዘንድ በሚቀረው ላይ የተቀበለሽን ሰው ፊርማና ቀን አስጽፊበት።