ፈራሁ፥ ተሸሸግሁም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጥያቄ፦ «መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። 41 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ጾሙንም ኪዳኑንም አላስታጉልም። ከፍልሰታ በኋላ ጡቴ ላይ ጠጣር ነገር አገኘሁ። ጤና ጣቢያ አይተውኝ ናሙና እንዲወሰድ ሪፈር ጻፉልኝ፤ ወረቀቱን በቦርሳዬ ይዤ ስዞር ይኸው ሦስተኛ ወሬን ያዝኩ። አክስቴ ያለፈችው በዚያ በሽታ ነው። ስሙን ከነገሯት ቀን ጀምሮ አልጋ ያዘች፣ ከዚያ ወዲያ አልተነሣችም። ለባለቤቴ አልነገርኩትም። የንስሐ አባቴን ልጠራ አስቤ ‹ቄስ ቤቷ ገባ፣ አለቀላት› ይሉኛል ብዬ ተውኩት። ‹ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን አውጥቶ ይጥላል› የሚለውን ሳነብ ደግሞ ይብስብኛል። ሞትን ይህን ያህል የምፈራው እምነት ስለሌለኝ ነው? መጀመሪያ እንጦጦ ሁለት ሱባኤ ልጠመቅና ከዚያ ልመርመር ብዬም አስባለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ጾሙንና ኪዳኑን እንደማታስታጉዪ ነግረሽኛልና በዚያ ላይ አልዘገይም። አስቀድሜ የምነግርሽ ይህን ነው፤ መፍራትሽ ኃጢአት አይደለም።

ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ጉባኤ አልቆ ሰዉ ሲበተን ከአዳራሹ በር አጠገብ ወደ ኋላ የሚቀር አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሁሉ እስኪወጣ ነጠላውን ሲያጣፋ ይቆይና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መምህር፣ እኔ እኮ ሞትን እፈራለሁ» ይለኛል፤ ነፍስ እንዳጠፋ ሰው ዓይኑን መሬት ተክሎ። ከእነዚህ መካከል ዲያቆናት ነበሩ፣ ዕድሜያቸውን በአገልግሎት የፈጁ እናቶችም ነበሩ። ሁሉንም ያስጨነቃቸው አንድ አሳብ ነው፤ ያመነ ሰው አይፈራም፣ የፈራ ሰው አላመነም የሚል። በዚህም ምክንያት አንዱን ሸክም ሁለት ያደርጉታል። ሕመሙ አንድ፣ በፍርሃታቸው ማፈራቸው ሁለት።

ጌታችን ግን በጌቴሴማኒ ምን ሆነ? ወንጌላዊው ማርቆስ «ሊደነግጥም ሊተክዝም ጀመረ» ብሎ ጽፎልናል። እርሱ ሥጋችንን የለበሰው በእውነት ነውና የሥጋችንንም ድንጋጤ በእውነት ተቀበለው። ልብ አድርጊ፣ ያን ሌሊት ብቻውን አልገባም፤ ከደቀ መዛሙርቱ ሦስቱን ይዞ ገባ። «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች፤ በዚህ ቆዩ ከእኔም ጋር ትጉ» አላቸው። የሁሉ ጌታ ጭንቀቱን ለዓሣ አጥማጆች ነገራቸው። እነርሱ ተኙ፣ ግን ነገራቸው። ጽዋው እንዲያልፍለትም ለመነ። ይህን የለመነውን እምነት አጣ የሚል ማን ነው?

አባ አርሳንዮስም አለ። የንጉሥ ቴዎዶስዮስን ልጆች ያስተምር የነበረ፣ ቤተ መንግሥቱን ትቶ ወደ ግብፅ በረሃ የመነነ አባት ነው። ሊያርፍ ሲል ሲያለቅስ አይተው ወንድሞች ደነገጡና «አባታችን፣ አንተም ትፈራለህን?» አሉት። ከመነኮሰ ጀምሮ ያ ፍርሃት ከእርሱ ተለይቶ እንደማያውቅ ነገራቸው። እንዲህ ብሎ በሰላም አረፈ። ፍርሃቱና ቅድስናው ከአርባ ዓመት በላይ በአንድ በኣት አብረው ኖሩ።

ያ ያስጨነቀሽን የዮሐንስን መልእክት ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቢው። «ፍርሃት ቅጣት አለውና» ይላል፤ ከላዩ ያለው ቁጥርም የሚናገረው ስለ ፍርድ ቀን ነው። እግዚአብሔርን እንደ ጨካኝ ዳኛ አድርጎ ስለሚፈራ ልብ ነው እንጂ፣ ልጆቿ ያለ እናት እንዳይቀሩባት በሌሊት ስለምትጨነቅ እናት አይደለም። ደግሞስ ፍርሃትን አውጥቶ የሚጥለው ማን ነው አለ? ፍቅር ነው አለ። አንቺ ፍርሃትሽን አስወጥተሽ፣ ቤትሽን ጠርገሽ፣ ከዚያ ፍቅርን እንድትጠሪው አላለም። ፍርሃቱ ገና ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ፍቅር ይገባል። ስለዚህ ከእነ ፍርሃትሽ ቅረቢ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በደብዳቤሽ ውስጥ ያስፈራኝ ፍርሃትሽ ሳይሆን መሸሸግሽ ነው። ወረቀቱ ቦርሳ ውስጥ ተሸሸገ። ነገሩ ከባልሽ ተሸሸገ፣ ከንስሐ አባትሽ ተሸሸገ። አዳም ከወደቀ በኋላ «አዳም ሆይ፥ ወዴት ነህ?» የሚለውን ድምፅ ሲሰማ «ፈራሁ፥ ተሸሸግሁም» አለ። ፈርቶ ወደ ጠራው ድምፅ ቢሮጥ ኖሮ እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። እርሱ ግን በገነት ዛፎች መካከል ገባ። ፍርሃት ወደ አምላክም ወደ ዛፉም ሊወስድ ይችላል። ያን መንገድ መምረጥ ግን የእኛ ፈንታ ነው፤ የምንጠየቅበትም እርሱ ነው።

የራሴን ልንገርሽ። አባቴ የታመመው ሰበታ ሳለን ነው፤ እኔ 19 ዓመቴ ነበር። ፊደል አልቆጠረምና ከሐኪም ቤት የመጣውን ወረቀት እንዳነብለት ሰጠኝ። «ምን ይላል?» አለኝ። እኛ ልጆቹ ቀደም ብለን ተማክረን ነበር፤ እንዳይደነግጥ እንዳንነግረው። «ጨጓራ ነው ይላል» አልኩት። ፊቴን ለጥቂት ጊዜ ተመለከተና «እሺ» አለ፤ ቀስ ብሎም ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ጊዜ አልጠየቀኝም። ያን ጊዜ አዘንንለት ብለን ነበር። ዛሬ ሳስበው እንዳወቀ እርግጠኛ ነኝ። ያወቀውን ግን የሚነግረው ሰው አልነበረውም፤ እኛ በውሸታችን በሩን ዘግተንበታልና። ቄስም አልጠራንም፤ «ካየ ይሸበራል» ብለን። የንስሐ አባታችን የደረሱት አንደበቱ ከተያዘ በኋላ ነው። ጆሯቸውን ወደ አፉ አስጠግተው ብዙ ቆዩ። ትንፋሽ እንጂ ቃል አልነበረም።

ንጉሡ ሕዝቅያስም ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሷል። እርሱ ግን ነቢዩ ኢሳይያስ በግልጽ ነግሮታል፤ «ትሞታለህ እንጂ አትድንምና ቤትህን አስተካክል» ብሎ። ስለተነገረው የሚያለቅስበት ነገር አወቀ፣ አለቀሰ፣ ለመነም። እግዚአብሔርም «ጸሎትህን ሰምቻለሁ፥ እንባህንም አይቻለሁ» አለው፤ 15 ዓመትም ጨመረለት። ለምን ፈራህ ብሎ አልገሠጸውም። እንባውን ቆጠረለት እንጂ።

«ቄስ ቤቷ ገባ፣ አለቀላት» የሚለውን ወሬ በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር፤ ብዙ ነፍስ የጎዳ ወሬ ነውና። በዳር ሰፈር፣ ገና አስፋልት ባልገባበት ኮንዶሚኒየም እንኳ ሰው ገብቶ ሳምንት ሳይሞላው የሚጠይቀው «ዕድር የት ነው የሚመዘገበው?» ብሎ ነው። ለድንኳኑ፣ ለወንበሩ፣ ለድስቱ በየወሩ እንከፍላለን። ለሞታችን ነው የምንከፍለው፤ ማንም ሟርት ነው አላለም። ሥጋችን የሚሸኝበትን ድንኳን በጤናችን አዘጋጅተን፣ ለነፍሳችን አባት መጥራት ሲመጣ ሞት የጠራን ይመስለናል። ሐዋርያው ያዕቆብ «ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ወደ እርሱ ይጥራ» ሲል የታመመ አለ፤ የሚያጣጥር አላለም። ቀጥሎም ጌታ ያስነሣዋል ይላል። ሕመምተኛው ቅዱስ ዘይት የሚቀባበት ምስጢረ ቀንዲል የሚፈጸመው ሕመምተኛው እንዲነሣ እየተለመነ ነው። ቅዱስ ቁርባንም እንዲሁ ነው፤ የሕፃናትና የአረጋውያን ብቻ አድርገን መሐሉን ዕድሜ ሁሉ ባዶ ስላስቀረነው፣ የ41 ዓመት ሴት ስትቆርብ ጎረቤት «ምን ሰምታ ነው?» ይላል። ይበሉ። በቅዳሴው «ንዜኑ ሞተከ እግዚኦ ወትንሣኤከ ቅድስተ» እያልን የጌታን ሞትና ትንሣኤ አንድ ላይ ጮኸን የምንናገር ሕዝብ ነን፤ ሞት የሚለውን ቃል ከደጃፋችን ስናባርር መዋላችን አያምርብንም።

ስለ አክስትሽ አዝኛለሁ፤ ነፍሷን ይማርልን። ስሙን በሰማች ቀን ወደቀች ብለሽኛል። ስሙ አይመስለኝም የጣላት። እንዲህ ያሉ ብዙ ቤቶች ገብቼ አይቻለሁ፤ ስሙ የሚነገረው መጨረሻ ላይ፣ በሽታው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ስለሆነ ስሙ የገደለ ይመስላል። ሐኪሞች የሚነግሩን፣ ጡት ላይ የሚገኝ እብጠት አብዛኛው ካንሰር አለመሆኑን ነው። ካንሰር ሆኖ ቢገኝም በጊዜ የተደረሰበት ሰው የመዳን ተስፋው ሰፊ ነው። በቦርሳሽ የያዝሽው ወረቀት የሞት ደብዳቤ አይደለም። ያለፉት ወራት ግን አይመለሱም፤ ይህን ለማስጨነቅ አልልሽም፣ አራተኛው ወር እንዳይጨመር ነው።

ጸበሉን በተመለከተ፣ እኔ ራሴ በእንጦጦ ተጠምቄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ማንም ከጸበል ሊያርቅሽ ቢሞክር አልስማማም። ነገር ግን «መጀመሪያ ሁለት ሱባኤ» ያልሽው ልብሽን መርምሪ። ለመለመን ነው የምትሄጂው ወይስ ቀኑን ለመግፋት? ለመግፋት ከሆነ ጸበሉን የአዳም ዛፍ አደረግሽው ማለት ነው። ሕዝቅያስ ጸሎቱ ከተሰማለት በኋላ እንኳ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ በቁስሉ ላይ አስደርጎለታል። እዚያው እንጦጦ ላይ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው የተገኘባቸው ስንቶች ጸበሉን ይዘው መድኃኒቱን እንደተዉ የምናስታውስ እናስታውሳለን። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ በኋላ በጊዜው ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ፣ ሕመምተኛው ሁለቱንም እንዲወስድ በግልጽ ተናግረዋል። ስለዚህ ጠዋት ተጠምቀሽ በዚያው ቀን ናሙናውን ስጪ። ውጤቱ እስኪደርስ ባሉት ቀናት ሱባኤሽን ያዢ፤ መጠበቅ ከባድ ነውና ያን ጊዜ ጸበሉ ይበልጥ ያስፈልግሻል።

ብቻሽን ግን እንዳትሄጂ። አባቶቻችን መርዶ እንኳ ብቻውን ላለ ሰው አያረዱም ነበር። ንጋት ላይ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው ከጎኑ ቆሞ ነው የሚነገረው። ከባድ ቃል የሚሰማ ሰው የሚደገፍበት ትከሻ እንደሚሻ ያውቁ ነበር። አንቺ ግን ገና ያልተነገረ ቃል ይዘሽ ለሦስት ወር ለራስሽ ብቻሽን በየሌሊቱ መርዶ ስታረጂ ከርመሻል።

ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ለባልሽ ንገሪው። እንዴት እንደምትጀምሪ ከጨነቀሽ ወረቀቱን ከቦርሳሽ አውጥተሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪለት፤ እርሱ ራሱ ይጠይቅሻል። ሊቆጣ ይችላል፣ «እስከ ዛሬ እንዴት ዝም አልሽ?» ሊልሽ ይችላል። ታገሺው፤ እርሱም ፈርቶ ነው። የንስሐ አባትሽን ደግሞ ለጊዜው የጎረቤት ዓይን ከከበደሽ ቤት አትጥሪያቸው፤ ከኪዳን በኋላ ቤተ ክርስቲያን አግኚያቸው። እዚያ ከቄስ ጋር የምትነጋገር ሴት ማንም አይገርመውም። ንስሐሽን ግቢ፣ ቁርባኑንም ከእርሳቸው ጋር ተመካከሪበት። ከባልሽ ጋር ብትቆርቢ ደስታዬ ነው።

የክርስትና ስምሽን ላኪልኝ፤ በቅዳሴ ለሕሙማን በሚጸለየው ጸሎት እንዲያስቡሽ ለቀዳሾቹ አባቶች እሰጣለሁ። የባለቤትሽንም ስም ጨምሪበት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።