ስልኩን ከመስበርዎ በፊት

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። ወርቅ ሠሪ ነኝ፤ ፒያሳ ነው የምሠራው። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ከዓይኑ አያመልጥም ይሉኛል። የ16 ዓመት ልጄን ክንድ ግን አላየሁም። በግንቦት ሙቀት ሹራቤን አላወልቅም ስትል የዘመኑ ልጆች ነገር ነው ብዬ አለፍኩት። ያየችው እናቷ ናት፤ ልጅቷ ዕቃ ልታጥብ እጅጌዋን ስትሰበስብ። ራሷን ነው የምትጎዳው።

ስልኳን ከፈትኩት። ቴሌግራም ላይ አንድ ግሩፕ አለ፤ 400 ምናምን ልጆች አሉበት። በእውነተኛ ስሙ የገባ የለም። ስለዚሁ ነገር ያወራሉ። ቤት ውስጥ በቀን አሥር ቃል የማትናገር ልጅ እዚያ ገጽ ሙሉ ትጽፋለች።

ድሮ ዶሮ ማነቂያ ነበርን። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ገባን፤ ጓደኞቿም በየፊናቸው ተበተኑ። ትምህርት ቤቷ እዚሁ አራት ኪሎ ስለሆነ ጠዋት አብረን እንወጣለን። ከትምህርት መልስ ሱቁ እስኪዘጋ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ስልኳ ላይ አቀርቅራ። እናቷ «እንጦጦ ጸበል እንውሰዳት» ትላለች። እኔ ስልኩን ሰብሬው ልገላገል ነው የምለው። ምን ይመክሩናል?

አባት፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስልኩ ይቆይ፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ልጅቷ።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር ይጠይቋታል። ከባድ ነው፤ ግን ሳያድበሰብሱ ይበሉት። «የኔ ልጅ፣ መሞት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ወላጅ ሁሉ «ያላሰበችውን አሳስባታለሁ» ብሎ ይፈራል። ጥናቶቹ የሚሉት ሌላ ነው። መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ያቀልላል። እኔ 22 ዓመት በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ስሠራ «ለምን ጠየቅሽኝ?» ብሎ የተቀየመኝ ልጅ አላጋጠመኝም። «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» ያሉኝ ግን ብዙ ናቸው።

«አዎ» ካለችዎ ብቻዋን አትደር። ሐሳቡ የቆረጠ ከመሰለዎ ደግሞ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል። መኪና ከጠፋ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። «አይደለም» ካለችም አይገርምም። ራሳቸውን የሚጎዱ ልጆች አብዛኞቹ ይህን የሚያደርጉት ለመሞት ፈልገው አይደለም። ውስጣቸው የሚሰማቸውን መሸከም ሲያቅታቸው ለጥቂት ደቂቃ ለማምለጥ ነው። ይሁንና ይሄው ነገር እየቆየ አደጋውን ስለሚጨምር «ያልፍላታል» ብሎ መቀመጥ የለም። ቤት ያለውን መድኃኒት ይቆልፉ። ከሱቅ የሥራ ዕቃ ይዘው የመግባት ልማድ ካለዎም ከዛሬ ጀምሮ ይቅር።

ዘመድ «ትኩረት ፈልጋ ነው» ሊልዎ ይችላል። በግንቦት ሹራብ የምትለብስ ልጅ ትኩረት የፈለገች ትመስላለች?

አሁን ወደ ስልኩ። አይስበሩት ያልኩት እኔ ሞክሬው ስለማውቀው ነው። የእህቴ ልጅ እኔ ዘንድ ትኖር በነበረ ጊዜ ነው። ያኔ ነርስ ነኝ፤ የሰው ልጅ አሳዳጊዎችን የምመክር ሰው ነኝ። ስልኳን ቀማሁና ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ሦስት ሳምንት አኮረፈችኝ። ለካ በጓደኛዋ ስልክ እየገባች ኖሯል። ከታረቅን በኋላ ራሷ ከፍታ አሳየችኝ። በአካል አይታት የማታውቃት አንዲት የጎንደር ልጅ ማታ ማታ 3 ሰዓት ላይ ትጽፍላታለች። አንድ ቃል ናት። «በላሽ?» የኔዋ «አዎ» ወይ «አይ» ትላለች። ወራት ሙሉ እንደዚያ። እኔ እዚያው ቤት ወጥ እየሠራሁ አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ ብዬ አልጠየቅኳትም። «ብይ እንጂ!» ነበር የምላት።

ትንሽ ወደ ላይ ገፋ ሲያደርጉት ደግሞ፣ እዚያው ግሩፕ ላይ፣ አንዱ ልጅ የቁስሉን ፎቶ ለጥፏል። ከሥሩ ሌላው «ይሄማ ምንም አይደል» ብሎታል። ቀጥሎ ያለው የራሱን አምጥቷል።

ያው አንድ ግሩፕ ነው። «ሶሻል ሚዲያ ይጠቅማል፣ ይጎዳል» የሚለው የሬዲዮ ክርክር የሚያደክመኝ ለዚህ ነው። ልጆቹ እኩለ ሌሊት ላይ የሚሰማቸው ሰው አግኝተዋል፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ልብ ይበሉ። «ዛሬ ደህና ዋልኩ» ብሎ የጻፈ ልጅ አንድ ሁለት የልብ ምልክት ይደርሰዋል። «ዛሬም አልቻልኩም» ያለው ላይ ግን ግሩፑ በሙሉ ይነሣለታል፤ አይዞህ፣ እንወድሃለን፣ የት ነህ። በክፋት አይደለም፤ የደነገጠ ሰው ይጽፋል። ልጁ ግን ሳያውቀው አንድ ነገር ይማራል። ሰው የሚመጣው ሲብስብህ ነው። ስለዚህ መዳን እንደ መባረር ይሆንበታል። የእህቴ ልጅ ደህና እየሆነች ስትመጣ ያስጨነቃት ይሄ ነበር። «ከዳንኩ ምን ብዬ እጽፋለሁ?» አለችኝ።

ቲክቶክና ኢንስታግራም ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። ግሩፕ ውስጥ የሚያመጣው ሰው ነው፤ እዚያ የሚያመጣው ማሽን ነው። ማሽኑ ልጅቷን ምን እንደሚያማት አያውቅም። የቱ ላይ እንደቆየች ግን ያውቃል፤ የቆየችበትን ይደግምላታል። ሞሊ ራስል የምትባል የ14 ዓመት የለንደን ልጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ራሷን አጠፋች። በመጨረሻዎቹ 6 ወራት ኢንስታግራም ላይ ካስቀመጠቻቸው፣ ላይክ ወይም ሼር ካደረገቻቸው 16,300 ገደማ ልጥፎች 2,100ዎቹ ስለ ድብርት፣ ራስን ስለ መጉዳትና ራስን ስለ ማጥፋት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 አሟሟቷን የመረመሩት ባለሥልጣን ያየችው ነገር ለሞቷ አስተዋጽኦ እንደነበረው ወሰኑ። ከዚያ በፊት፣ በ2019፣ አባቷ በአደባባይ መናገር ሲጀምሩ ኢንስታግራም የቁስል ፎቶዎችን ከልክሏል። ልጆች ግን ቃሉን በምልክት ወይም በተጣመመ ፊደል እየጻፉ መንገዱን ያገኙታል። እኔ ስለ ሞሊ ሳስብ የምቆምበት ሌላ ቁጥር ላይ ነው። የቀሩት 14,000 ልጥፎች። ማንኛዋም የ14 ዓመት ልጅ የምታያቸው ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ። በትከሻዋ በኩል አጮልቆ የሚያይ ወላጅ የሚያጋጥመው እነሱ ናቸው።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቋት። «ስልክሽን ሳላስፈቅድሽ ከፍቻለሁ፤ ጥፋት ነው። ያየሁት ግን አስፈርቶኛል።» አባት ይቅርታ ሲል ልጅ ትደነግጣለች፤ ጥሩ ድንጋጤ ነው። ፊት ለፊት ተቀምጠው «ንገሪኝ» አይበሏት፤ ፍርድ ቤት ይመስላል። ሱቁን ዘግታችሁ ታክሲ ከፒያሳ ከመያዝ፣ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል አራት ኪሎ ድረስ አብራችሁ በእግር ውጡ። ጎን ለጎን ሲሄዱ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፤ ዝም ቢባልም አያሳፍርም። የመጀመሪያው ቀን ዝም ብላችሁ ብትደርሱም ደርሳችኋል።

ከዚያ ስለ ግሩፑ ይጠይቋት፣ ግን እንደ መርማሪ አይደለም። «ከነዚህ ልጆች ማንን ስታናግሪ ይቀልልሻል? የማንን ስታነቢ ይብስብሻል?» መልሱን እሷ ታውቀዋለች። የሚያቀልላት ሰው ይቆይ። የሚያባብሰውን ራሷ ብሎክ ታድርገው፤ ከግሩፑ መውጣትም ካለባት ራሷ ትውጣ። ቲክቶክ ላይ የሚመጣላትን ከዜሮ የሚያስጀምር ማስተካከያ አለ፤ አብራችሁ ፈልጉት። ሌሊቱን በተመለከተ ግን ድርድር የለኝም። ልጆቹ የሌሊት ፓኬጅ ገዝተው እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩበት ያ ጊዜ ነው ክፉው። ስልክ ሳሎን ቻርጅ ላይ ይደር። የእርስዎም የእናቷም ጭምር፤ አለበለዚያ ቅጣት ነው።

ሕክምናውን አያዘግዩ። አማኑኤል የሚለው ስም የሚከብዳችሁ ከሆነ ጳውሎስም ዘውዲቱም የአእምሮ ሕክምና አለ። ለዚህ ችግር በጣም ከሚታወቁት የንግግር ሕክምናዎች አንዱን ያዘጋጁት ማርሻ ሊነሃን የሚባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ሊቅ ናቸው። በወጣትነታቸው እሳቸውም ሆስፒታል ተኝተው ራሳቸውን ይጎዱ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2011 በአደባባይ ተናገሩ። ይሄን ለልጅዎ ይንገሯት፤ ምክር አይጨምሩበት።

ጸበሉስ? ልጅቷ ከፈለገች ይሂዱ። እኔም እንጦጦ እወጣለሁ። ብቻ በግድ አይሁን፣ ለጎረቤት አይነገር፣ የታዘዘላት መድኃኒት ካለም አይቋረጥ። እናቷን በዚህ አይጣሏት። ያየችው እሷ ናት።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ 19 ዓመቴ ነው፤ ስድስት ኪሎ ነው የምማረው። ራሳቸውን የሚጎዱ ልጆች የሚያወሩበት ግሩፕ አድሚን ነኝ። የከፈትኩት ለራሴ ነበር። አምስት ሆነን ጀመርን፣ አሁን 300 አልፈናል። አንዳንዴ ሌሊት «ቻው ሁላችሁም» ብሎ የሚጽፍ አለ። እስኪነጋ የማወራው እኔ ነኝ። ሁለት ኮርስ ኤፍ አመጣሁ። ልዝጋው እላለሁ፣ ግን በኔ ምክንያት አንድ ሰው ቢሞትስ?

አድሚኑ

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ሆስፒታል ውስጥ እንኳ አንድ ነርስ 300 ሰው ይዞ ብቻውን አያድርም። በተራ ነው።

ዛሬውኑ አትዝጋው። ግን ዛሬውኑ ቅርጹን ቀይረው። ቴሌግራም ላይ አድሚን ፎቶና ቪዲዮ እንዳይላክ መከልከል ይችላል፤ አሁን ግባና ዝጋው። ሕግ አውጣና ፒን አድርገው። ቁስል አይታይም፣ እንዴት እንዳደረጉት አይጻፍም፣ የኔ ይብሳል መባባል የለም። ስለሚሰማቸው ነገር ግን የፈለጉትን ያህል ይጻፉ። ደህና የዋለ ሰው ሲጽፍ ቀድመህ የምትመልሰው አንተ ሁን። ዕድሜያቸው ከ20 በላይ የሆኑ፣ ከነገሩ የወጡ ሁለት ሰዎች ፈልግና አድሚን አድርጋቸው፤ ሌሊቱን ተከፋፈሉት።

«ቻው» ያለ ሲመጣ ከግሩፑ ወደ ውስጥ መስመር ውሰደውና ፊት ለፊት ጠይቀው። ልትሞት ነው? የት ነህ? አጠገብህ ማን አለ? ከዚያ ያንን አጠገቡ ያለውን ሰው ማግኘት ነው ሥራህ። ስለዚህ አዲስ ሰው ሲገባ አንድ የሚያምነውን የቅርብ ሰው ስልክ ለብቻህ እንዲልክልህ አድርግ። «ለማንም አትንገርብኝ» ቢልህ ንገርበት። ይቀየምሃል። ይቀየም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሳልነግርህ ባልፍ ይከነክነኛል። እንዲህ ያለ ግሩፕ ውስጥ ሌላ ዓላማ ይዘው የሚገቡ አሉ። የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ እ.ኤ.አ. በ2023 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ልጆችን እያባበሉ ፎቶ ተቀብለው፣ በዚያው እያስፈራሩ ራሳችሁን በቪዲዮ ጉዱ የሚሉ ቡድኖች አሉ። ለአባሎችህ በውስጥ መስመር ፎቶ ወይም ላይቭ የሚጠይቅ ካለ ጓደኛ አይደለም። ስክሪንሾት ያዝ፣ ሪፖርት አድርግ፣ አስወጣው። የተጠየቀው ልጅም ለአንድ አዋቂ ይንገር፤ ጥፋቱ የሱ አይደለም።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ራስህ የተጻፈ ነገር ፈለግሁ። ከኤፍ ሌላ ያገኘሁት «የከፈትኩት ለራሴ ነበር» የምትለዋን ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ስለ ሌላ ሰው ነው። ሐሙስ ከ9 ሰዓት በኋላ ቢሮዬ ነኝ፤ አራት ኪሎ፣ ካንተ ግቢ በእግር 15 ደቂቃ ነው። አድራሻውን ለብቻህ ልኬልሃለሁ። ስለ ግሩፑ አናወራም። ምሳ በልተህ ና።