ሽንጥሽን ለክተሻል? የዋና ልብስ ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የድሬ ሙቀት መጣ፣ የዋና ልብስ ጥያቄም አብሮ መጣ። ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ ዛሬ ከሰዓት ሁላችሁም እዚሁ ጠይቁኝ። ለማታውቁኝ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። እጄን የፈታሁት ሐረር፣ መኪና ግርግር ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወስደው፣ ስሙን ከስፌት መኪና ድምፅ ያገኘው መንገድ። አባቴ እዚያ ሲሰፋ እግሩ ሥር ተቀምጬ ቁርጥራጭ እለቅም ነበር። አሁን ድሬ ነኝ። የዋና ልብስ እሰፋለሁ፣ የተገዛውንም አስተካክላለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልለምን። ልክ ሳትይዙ አትጠይቁኝ። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ከዚያ ደግሞ የሽንጥ ዙሪያ። ሰው የሚረሳው ይሄን አራተኛውን ነው። ሜትሩ ከትከሻ ይነሳል፣ በጡት ላይ ወርዶ በእግር መሃል ያልፋል፣ በጀርባ ወጥቶ እዚያው ትከሻ ላይ ይገናኛል። የሚያግዝሽ ሰው ጥሪ፤ ብቻሽን ስትለኪ ሜትሩ ይጣመማል።

የሳቢያን ልጅ፦ ዳሌዬ ሰፊ ነው፣ ትከሻዬ ጠባብ። ዳሌ 108፣ ደረት 90። አንድ ወጥ ልግዛ ወይስ ባለ ሁለት?

ልክሽን ስለጻፍሽ ተባረኪ። ላይና ታቹ ለየብቻ የሚሸጥ ካገኘሽ ባለ ሁለቱን ግዢ። አንድ ወጡ ዳሌሽ ላይ ልክ ከሆነ ደረትሽ ላይ ይንቦረቀቃል። ደረትሽ ላይ ልክ ከሆነ ደግሞ ዳሌሽን ያንቃል። ከላይ ዓይን የሚስብ ነገር ይሁን፦ አበባ፣ ደማቅ ቀለም፣ ትከሻ ላይ ትንሽ ሽብሽብ፣ ወደ ጎን ሰፋ ያለ አንገት። ከታች ጠቆር ያለ አንድ ቀለም። የእግሩ ቀዳዳ ትንሽ ከፍ ይበል፣ እግርሽን ያስረዝመዋል። ቁምጣ መሳዩ ይቅርብሽ። ጫፉ የሚያርፈው ጭንሽ በጣም የሚሰፋበት ቦታ ላይ ነው፣ ዓይን ደግሞ መስመር ባለበት ይቆማል።

ያሳንስልኛል ብለሽ አንድ ቁጥር ዝቅ እንዳትዪ። ላስቲኩ ሥጋሽን ይቆነጥጥና ከላይም ከታችም ያሳብጠዋል፤ ያልነበረ ነገር ይታያል። ይሄን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ።

ከከዚራ፦ እኔ ትንሽ ሞላ ያልኩ ነኝ። ምን ይሻለኛል?

የት ጋ ነው ሞላ ያልሽው? ደረት? ሆድ? ጭን? ልክሽን ይዘሽ ተመለሽ።

የመንታ እናት፦ ከወለድኩ ዓመት አለፈኝ፣ ሆዴ አልገባም። ልጆቼ ውሃ ውስጥ ሆነው «ማሚ ግቢ» ይሉኛል፣ እኔ ነጠላ ሆዴ ላይ አድርጌ ዳር ላይ እቀመጣለሁ።

እህቴ፣ አንቺማ ትገቢያለሽ። መንታ የተሸከመ ሆድ ነው፣ አትፈሪበት። አንድ ወጥ ሆኖ ከፊት ለፊቱ ሽብሽብ ያለው ፈልጊ። ሽብሽቡ ጎንና ጎን ላይ ተይዞ በሆድ ላይ ገደድ ብሎ የሚያልፍ ይሁን። ምክንያቱን ልንገርሽ። ልሙጥ ጨርቅ እያንዳንዱን እጥፋት ያሳያል። ሽብሽብ ግን የራሱ እጥፋት ስላለው የሰውነትሽ የትኛው እንደሆነ አይለይም። ውስጡን ገልብጠሽ እዪው። ገበሩ ከፊት ድርብ መሆን አለበት፣ አንዱ ደግሞ ጠንከር ያለ መረብ ቢሆን ጥሩ ነው። ሆድን ቀስ አድርጎ ይይዛል፣ አያፍንም። አንገቱ ወደ ታች ሾል ያለ ይሁን፣ ዓይን ወደ ላይ ይሄዳል።

ባለፈው አንዲት እናት መጣች። ልብሱን ስታወልቅ ሁለቱም ትከሻዋ ላይ ቀይ ሰንበር ነበር። «ወፍሬ ነው» አለችኝ፣ እንባዋ መጥቷል። ሜትሬን አወጣሁ። የሽንጥ ዙሪያዋ 164 ነበር፣ የልብሱ 154። ደረቷም ዳሌዋም ከቁጥሩ ጋር እኩል ነው። አልወፈረችም፣ ልብሱ አጥሯታል። ማንገቻውን ቆርጬ አስረዘምኩት፣ ለብሳው ሄደች። ማንገቻው ትከሻሽን ከቆረጠሽ፣ ከኋላም ወደ ላይ ከገባብሽ፣ የወገብሽ ጥፋት አይደለም፤ ሽንጡ አጥሮ ነው።

አብርሽ ገንደ ቆሬ፦ ከምክርሽ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። አግድም መስመር ያለው አትግዙ፣ ያወፍራል።

አቦ ይሄን ነገር ተዉት። ሄልምሆልዝ የሚባል ጀርመናዊ ሳይንቲስት ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተቃራኒውን አሳይቷል። እኩል ሁለት ካሬ ሥሩ። አንዱን በአግድም መስመር ሙሉት፣ ሌላውን በቁም። ባለ አግድሙ ረዘምና ጠበብ ብሎ ነው የሚታየው። የሚያወፍረው ሌላ ነው፤ ሰፋፊ መስመር ሆኖ ጨርቁ ተለጥጦ መስመሩ ሲታጠፍ ነው። ዓይን የታጠፈ መስመር ላይ ሥጋውን ያነባል። ቀጭን መስመር፣ በትክክለኛ ቁጥር፣ ምንም አይልም።

አብርሽ ገንደ ቆሬ፦ ሰው ላይ ግን እንደዚያ አይደለም። ካሬ ዳሌ የለውም።

የሐረሯ፦ ልብስ ሰፊዋ እሷ ናት ወይስ አንተ?

አብርሽ ገንደ ቆሬ፦ ሐረር ላይ ደግሞ ማን ዋና ያውቃል? ለመታጠቢያ ውሃ በጀሪካን እየተቀዳ!

የሐረሯ፦ የሐሮማያ ሐይቅ ሞልቶ ሳለ የእኛ አባቶች ይዋኙ ነበር። እናንተ ሙቀት አላችሁ እንጂ ምን ውሃ አላችሁ? ወንዛችሁ ደቻቱ እንኳ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው።

አብርሽ፣ ዳሌ ያልከው ልክ ነው፣ ለዚህ ነው ቁጥሩ ትክክል ይሁን ያልኩት። አሁን ሁለታችሁም ወደ ልብሱ ተመለሱ። ሰው እየጠበቀኝ ነው።

የቀፊራዋ፦ እኔ ተሸፍኜ ነው የምዋኘው። የጥጥ ሱሪና ረጅም ቲሸርት ለብሼ ሄድኩ፣ አንድ ሆቴል «በዚህ አትገቢም» አለኝ። ተከፋሁ።

መከፋትሽ ይገባኛል፣ አነጋገራቸውም ሊሻል ይችል ነበር። በጥጡ ግን እኔም አላስገባሽም። ቤትሽ አንድ ቲሸርት ባልዲ ውስጥ ንከሪና በአንድ እጅሽ አንሺው። ያን ክብደት ይዘሽ ነው የምትዋኚው። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ይዘረጋል፣ እግር ላይ ይጠመጠማል። ክሩም እየረገፈ የፑሉን ማጣሪያ ይዘጋል። ተሸፍኖ ለመዋኘት የሚሆነው ናይለን ወይም ፖሊስተር ከሚለጠጠው ክር፣ ከላይክራ ጋር ነው።

ቡርኪኒ የሚባለውን ገላ የሚሸፍን የዋና ልብስ በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣችው አሂዳ ዛኔቲ የምትባል ሊባኖስ ተወልዳ አውስትራሊያ ያደገች ሴት ናት። ስትገዢ ሦስት ነገር እዪ። አንደኛ፣ ላይኛው ከሱሪው ጋር ከውስጥ የሚያያዝበት ማሰሪያ ይኑረው፤ አለዚያ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይንሳፈፍና አንገትሽ ድረስ ይመጣል። ሁለተኛ፣ በጣም ሰፊ አይሁን። ሰፊው የበለጠ ይሸፍናል ብለሽ ከሆነ አይደለም። አየርና ውሃ ይይዛል፣ ስትወጪ ይለጠፍብሻል። ጭንሽ ግማሽ ድረስ ወርዶ ከታች ትንሽ ዘርፈጥ የሚል ይበቃሻል። ሦስተኛ ቀለሙ። ጥቁር ገላ አያሳይም፣ የድሬ ፀሐይ ላይ ግን ይጋግርሻል። ጠቆር ያለ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ያዢ። ከዚያ መለያ ጽሑፉን ይዘሽ ሂጂና ለሆቴሉ አሳዪ። ጨርቁ የዋና እንደሆነ ሲያዩ የሚሉት አይኖራቸውም።

ከአዲስ አበባ፦ እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ደረቴ ትልቅ ነው። አንገት ላይ የሚታሰረው ያምርብኛል ግን ያመኛል። ምን ይመክሩኛል?

እዚህ አንቱታ የለም እህቴ፣ አንቺ በይኝ። የሚያምሽ የጡቱ ክብደት በሙሉ አንገትሽ ላይ ስለተንጠለጠለ ነው። ትከሻ ላይ የሚያልፍ ሰፊ ማንገቻ ይሁን። ከጡት በታች የሚዞረው ላስቲክ ሰፋና ጠበቅ ያለ ይሁን፤ ክብደቱን መሸከም ያለበት እሱ ነው። በጡት መያዣ ቁጥር የሚሸጥ ካገኘሽ እሱን ግዢ። ስትሞክሪው እጅሽን ወደ ላይ ዘርጊ፣ ጎንበስ በዪ። ከቦታው ከተነቃነቀ መልሺው።

ቀጭኗ፦ እኔ ቀጥ ያልኩ ነኝ፣ ወገብ የለኝም።

ጎንና ጎኑ ጠቆር፣ መሃሉ ፈካ ያለ አንድ ወጥ። ወይም ዳሌው ላይ ዘርፍ ያለው ባለ ሁለት። የፈለግሽውን ልበሺ፣ የሚከብድሽ ነገር የለም።

ስም የለኝም፦ ዋጋው ስንት ነው? የት ይሸጣል?

ሱቅ አላስተዋውቅም።

ወጣቷ፦ እሺ ታይዋን ገበያ ላይ ሰልባጅ አየሁ፣ ርካሽ ነው። ልግዛ?

ሰልባጅ ስለ ሌላ ልብስ ከሆነ ግዢ። የዋና ልብስ ግን አትግዢ። ይሄን ጠይቁኝ ብዬ ስጠብቅ ነበር።

የዋና ልብስ የሚቆመው በላይክራ ነው። ስፓንዴክስም ኤላስታንም ይሉታል፣ አንድ ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. ዱፖንት ኩባንያ ውስጥ ጆሴፍ ሺቨርስ የፈለሰፈው ክር ነው። ሲለጠጥ ይሄዳል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ጠላቱ ክሎሪን ነው። በረኪና ታውቂያለሽ አይደል? ፑል ውስጥ ያለው የእሱ ዘመድ ነው፣ ቀጥኖ። በገባሽ ቁጥር ክሩን ከውስጥ ይበላዋል፣ ከላይ ግን አይታይም። ሰልባጁ ላይ ጆሮሽን አስጠግተሽ ወገቡ ጋ ለጥጪው። ጭርር ካለ ክሩ ተበጣጥሷል። ለጥጠሽ ስትለቂው ዘግይቶ ከተመለሰ፣ ወይም ጨርቁ ላይ ነጫጭ ፀጉር መሳይ ነገር ካየሽ፣ አበቃለት። አንድ ቀን ውሃ ውስጥ ይከዳሻል።

አዲስም ብትገዢ ሱቁ ውስጥ ጨርቁን እጅሽ ላይ ወጥረሽ ወደ ብርሃን ያዢው። የጣትሽ ቆዳ ከታየ ሲረጥብ የባሰ ይታያል። መለያውን አንብቢ። ናይለን 80፣ ላይክራ 20 አካባቢ ከሆነ ጥሩ ይለጠጣል። በሳምንት ሦስት አራቴ የምትዋኚ ከሆነ ግን ፒቢቲ የሚል ፖሊስተር ያለበት ፈልጊ። እንደ ላይክራው አይለጠጥም፣ ክሎሪንን ግን ይችላል።

ከመግባትሽ በፊት ልብሱን በንጹሕ ውሃ አርጥቢው። በንጹሕ ውሃ የጠገበ ጨርቅ የፑሉን ውሃ ብዙ አይጠጣም። እንደወጣሽ እጠቢው፣ በእጅ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በለስላሳ ሳሙና። ኦሞ አይነካው፣ በረኪና አይቅረበው፣ አትጠምዝዢው። ድሬ ፀሐይ ላይ እንዳታሰጪው። ጥላ ሥር፣ በፎጣ ጠቅልለሽ ውሃውን ካወጣሽ በኋላ።

ከመጋላ፦ ሞላ ያለ ሰው ምን ይልበስ? አልመለሽም።

መልሻለሁ። ልክ ላኩ አልኩ። ሞላ ማለት ልክ አይደለም።

አባት፦ ለስድስት ዓመት ልጄ ሰማያዊ ገዛሁላት፣ ያምራል።

ለባሕር ፎቶ ያምራል። ፑል ውስጥ ግን ሰማያዊ፣ ነጭና ግራጫ ከውሃው ጋር ይጠፋል። ልጅቷ ከታች ብትሆን አታያትም። የሚጮህ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ግዛላት። ይሄን እንደ ፋሽን ምክር አትውሰደው እባክህ፣ ቀይርላት።

የድሮ ሰው፦ እኛ ልጆች ሳለን በክረምት ደቻቱ ሲሞላ ያለ ልብስ ነበር የምንዋኘው፣ ማን ቀለም መረጠልን?

የሳቢያን ልጅ፦ እንደዚህ አይባልም። በ1998 ክረምት ጎርፉ ሌሊት መጥቶ ስንቱን እንደወሰደ ድሬ የሚረሳ ሰው የለም።

የድሮ ሰው፦ ክፉ ለማለት አይደለም፣ ልጅነቴን ነው ያወራሁት።

ልጅነትህ ይገባኛል፣ ግን ልጆች ያነባሉ። ደቻቱ መዋኛ አይደለም። ዝናቡ ላይኛው አገር ዘንቦ እዚህ ሰማዩ ጥርት ባለበት ይመጣል። እዚህ ላይ ሌላ አስተያየት አልፈልግም።

ተጓዡ፦ በባቡር ጅቡቲ ልሄድ ነው። ለወንድ ምን ይሻላል?

ውስጡ መረብ ያለው፣ ከጉልበት በላይ የሆነ ቁምጣ፣ ቶሎ የሚደርቅ። ገመዱ የምር የሚታሰር ይሁን፣ ለጌጥ የተሰፋ አይሁን። የባሕሩን ጨው በንጹሕ ውሃ ታጠብ።

ሌላዋ፦ ፀሐይ ለፊቴ ምን ልቀባ?

ስለ ቆዳ ሐኪም ጠይቂ።

ከከዚራ፦ ተመለስኩ። እህቴን ጠርቼ አስለካሁ። ደረት 102፣ ወገብ 90፣ ዳሌ 110፣ ሽንጥ ዙሪያ 170። ሁልጊዜ አንድ ወጥ ስገዛ ይቆነጥጠኛል፣ ትልቅ ቁጥር ስወስድ ደግሞ ደረቴ ላይ ይንጠለጠላል። ለዚህ ነው ዋና የተውኩት።

አየሽ? ይሄን ነበር የፈለግኩት። አንቺ ሽንጣም ነሽ። ለ110 ዳሌ ተብሎ የተሰፋ ልብስ ለአንቺ ሽንጥ ያጥራል፤ ቁጥር ስትጨምሪ ደግሞ ቁመቱን ፍለጋ ስፋቱን ትሸከሚያለሽ። «ለረጅም ሽንጥ» የሚል ካገኘሽ እሱን ያዢ። ካላገኘሽ ላይኛው እስከ ዳሌ የሚወርድ፣ ታቹ ለብቻው የሆነ ባለ ሁለት። ላይና ታቹ ስላልተሰፉ ሽንጥሽን የሚስበው ነገር የለም። ከጡት በታች ላስቲክ ይኑረው፣ ሆዱ ላይ ልቅ ይበል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ እንዳይንሳፈፍ ቀጭን ላስቲክ ይግባበት። ቀለሙን እንደ ልብሽ።

ያንን የሚቆነጥጥሽን አንድ ወጥ አትጣዪው። ማንገቻው የተሰፋ እንጂ ከጨርቁ የወጣ ካልሆነ ላስረዝመው እችላለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ይዘሽው ነይ፣ እህትሽም ትምጣ።