«ምን አጎደልኩባት?»

«በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ፤ ዕድሜዬ 39 ነው። ባለቤቴ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች የመድኃኒት ባለሙያ ናት። ከተጋባን ሰባት ዓመት ሆኖናል፤ ሁለት ልጆች አሉን። የምንኖረው በግቢው የመምህራን መኖሪያ ነው። ቤቱ ሰፊ ነው፤ ኪራዩ ከደመወዜ የሚቆረጥ ትንሽ ገንዘብ ነው። አየሩ ንጹሕ ነው፤ ልጆቹ ያለ ስጋት ደጅ ይጫወታሉ፤ ትምህርት ቤታቸው በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። አዲስ አበባ ብንገባ የቤት ኪራይ ደመወዜን ይውጠዋል፤ ጠዋትና ማታ የታክሲ ሰልፍ ነው። አዲስ አበባን አያውቀውም እንዳይሉኝ፤ በየወሩ ለስብሰባ እመላለሳለሁ፣ በሦስተኛው ቀን ራሴን ያመኛል።

ባለፈው ፋሲካ እናቷ ዘንድ ሰንብታ ከተመለሰች ወዲህ ግን ‹እንሂድ› ማለት አብዝታለች። እዚህ ሁሉም ‹የዶክተር ባለቤት› እያለ ያከብራታል። ማታ ማታ ጎረቤቱ የመድኃኒት ካርቶን እየያዘ መጥቶ ያስቸግረናል፤ እሷም እራቷን ትታ ስታስረዳ ታመሻለች። ይህን ያህል የሚወዳትን ሰው ትታ የት ልትሄድ ነው? በቀደም ስንጨቃጨቅ ‹እዚያ እኮ ሰው ነበርኩ› አለችኝ። ይህ ንግግር አሁንም ከልቤ አልወጣም። ምን አጎደልኩባት? እንደ ታናሽ ወንድምዎ ቆጥረው ይምከሩኝ። ጽሑፎችዎን ስለምታነብ የሁለቱን ቦታዎች ልዩነት ቢያስረዱልኝ ትሰማዎታለች።»

ወንድሜ፣ እንደ ታናሽ ወንድም ቁጠሩኝ ስላልክ ‹አንተ› ብዬ ልጻፍልህ። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ከአንተ ጋር ነበርኩ። የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ጨርሶ፣ የድሬዳዋን ሙቀት ከኋላው ትቶ ሐረማያ የደረሰ ሰው ያን አየር አይረሳውም። ልጅ ያለ ጠባቂ የሚሮጥበት ግቢም በዚህ ዘመን ትልቅ ጸጋ ነው። ስለ አዲስ አበባ ኪራይና ሰልፍ ያልከውን የሚያስተባብል የለም።

በሁለተኛው ንባብ ግን የዘረዘርካቸውን ጥቅሞች አንድ በአንድ እያነሣሁ «ይህ የማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ቤቱ የተሰጠው በአንተ ሥራ ነው። ጸጥታው የሚጠቅመው ለሚያነብና ለሚጽፍ ሰው ነው። አክብሮቱም እንኳ በአንተ ማዕረግ በኩል ዞሮ ነው የሚደርሳት። የባለቤትህ ሙያ በመጀመሪያው አንቀጽ በሁለት ቃል ተጠቅሶ እስከ መጨረሻው አልተመለሰም። ሥራዋን መቼ እንደ ተወች፣ ስትተወው ምን እንዳለች፣ አንተስ ምን እንዳልካት አልጻፍክም። አንተ ወደ ክፍል፣ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚሆን ደብዳቤህ አይናገርም።

ሌላም ነገር ሳታስበው ጽፈሃል። በየወሩ አዲስ አበባ ትመላለሳለህ። አንተ ከሁለቱ አንዱን የመረጥክ ይመስልሃል እንጂ ሁለቱንም ይዘሃል። ስብሰባህን ትካፈላለህ፣ የትምህርት ቤት ጓደኞችህን ታገኛለህ፣ ከከተማው የሚጠቅምህን ትወስዳለህ፣ ራስህን ማመም ሲጀምርህ ወደ ጸጥታህ ትመለሳለህ። እሷ ያንኑ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ሁለት ልጆች ይዛ የሄደችው ለፋሲካ ነው። ስለዚህ ሐረማያንና አዲስ አበባን ከማወዳደርህ በፊት የአንተን ሐረማያና የእሷን ሐረማያ ብታወዳድር ደስ ይለኛል። አንድ ቤት ውስጥ አድራችሁ ጠዋት ከአንድ በር ስትወጡ የምትገቡት ወደ አንድ ቦታ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ቦታው ራሱ ጥቂት ልበል። ሐረማያ በእኛ አቆጣጠር በ1940ዎቹ የግብርና ኮሌጅ ሆኖ ሲቆረቆር ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ትብብር ነበር፤ የተሠራውም ከትልልቅ ከተሞች ራቅ ብሎ በገበሬው መካከል ነው። መኖሪያው ከመማሪያው ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ ሆነ። እንዲህ ባለ ስፍራ ሰው ሁሉ የሚኖረው በአንድ ሥራ ምክንያት ነው። ያ ሥራ ያለው ሰው ባለቤት ነው፤ የሌለው፣ ምንም ያህል ቢከበር፣ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ጎንደር ያለ መምህር ሚስት ይህ ስሜት እንደ አንተዋ አይጸናባትም ብዬ እገምታለሁ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሳይኖራት በፊት የነገሥታት ከተማ ነበረች። ጅማም የቡና ገበያ ናት፤ ከግቢው ውጭ በራሱ የቆመ ኑሮ አላት። ባለቤትህ ከዋናው በር ስትወጣ የምታገኘው ባቴን ነው፣ ቀጥሎ አወዳይንና የጫት ገበያውን፣ ከዚያ በኋላ ነው ሐረር።

በሦስተኛው ንባብ ከዚያ የመድኃኒት ካርቶን ዘንድ ስደርስ ቆምኩ፤ አሁንም አላለፍኩትም።

አንተ የጻፍከው በቅሬታ ነው፤ «ያስቸግረናል» ብለህ። እኔ ግን ባለቤትህን በደብዳቤህ ውስጥ በሕይወት ያየኋት እዚያ ብቻ ነው። የጎረቤት እናት ትኩሳት ያለው ልጇን ታቅፋ፣ በሌላ እጇ የሽሮፕ ጠርሙስ ይዛ በሩን ስታንኳኳ ታየኝ። ባለቤትህ «ዕድሜው ስንት ነው?» ብላ አታበቃም፤ «ኪሎውስ?» ትላለች፤ የሕፃን መድኃኒት በአብዛኛው በክብደቱ እንደሚለካ ታውቃለችና። የወጥ ቤት ማንኪያ ከቤት ቤት ስለሚለያይ ከመድኃኒቱ ጋር በመጣው መለኪያ እንድትሰጠው ትነግራታለች። በውኃ የተበጠበጠ የፀረ ባክቴሪያ ሽሮፕ ከጥቂት ቀናት በላይ እንደማያገለግል፣ ካለፈው ሕመም የተረፈውን ለዛሬ መስጠት እንደሌለባት ታስረዳታለች። እራቱ ይቀዘቅዛል። ባለቤትህ ግን በዚያች ሩብ ሰዓት አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማረችውን እያወጣች ናት። የመጣችው ሴት «የዶክተር ባለቤት» ፈልጋ አልመጣችም፤ የመድኃኒት ባለሙያዋን ፈልጋ ነው።

«እዚያ እኮ ሰው ነበርኩ» ያለችህ ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። አንተ የሰማኸው «አንተ ዘንድ ሰው አይደለሁም» የሚል ክስ ነው፤ ስለተጎዳህ አልፈርድብህም። ነገር ግን በአማርኛችን «ልጁ ሰው ሆነ» ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ አስብ። ልጁማ ሲወለድም ሰው ነበር። ሰው ሆነ የምንለው ከራሱ አልፎ ለሌላ ሲተርፍ፣ «እስቲ እሱን እንጠይቀው» የሚባል ሲሆን ነው። ባለቤትህ የነገረችህ ይህን ነው። አንድ ጊዜ የምትጠየቅ ሰው ነበረች። ዛሬ የምትጠየቀው ማታ፣ እራት ላይ፣ ባሏ ፊቱን እያጠቆረ ነው።

«ምን አጎደልኩባት?» የሚለውን ጥያቄ በምክር ክፍሌ ከብዙ ባሎች ሰምቻለሁ። አብዛኞቹ እንደ አንተ ቅን ናቸው። ጥያቄው የሚቆጥረው ወደ ቤት የገባውን ነው፤ አስቤዛውን፣ ልብሱን፣ የልጆቹን ክፍያ። በዚህ ቆጠራ ምንም አላጎደልክም፤ ይህን በሙሉ ልቤ እመሰክርልሃለሁ። ሆኖም አንድ ሰው የሚቀበለው ሞልቶ የሚሰጥበት ቦታ ሲያጣ የሚሰማው ጉድለት አለ። ያ ጉድለት አንተ ጨምረህ በምትሰጣት ነገር አይሞላም። ይባስ ብሎ በሰጠሃት ቁጥር ማማረር የማይገባት ሴት እየሆነች ትሄዳለች፤ ሙሉ ጓዳ ፊት ቆሞ «ጎደለኝ» ማለት ያሳፍራልና። አዲስ አበባ አዲስ አበባ የምትለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። «ሙያዬ ናፈቀኝ» ከማለት «ከተማዬ ናፈቀኝ» ማለት ይቀላል።

ልጆቿስ አይፈልጓትም ወይ ትለኝ ይሆናል። እጅግ ይፈልጓታል፤ እሷም በእነሱ ደስ ይላታል። አንተንም ልጆችህ ይፈልጉሃል፤ ስለዚህ ግን ማስተማርህን ተው ያለህ የለም።

ጽሑፎቼን እንደምታነብ ስለነገርከኝ ለእሷም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። በ1998 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዴቪድ ሽኬድና ዳንኤል ካነማን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ በሁለት አካባቢዎች የሚኖሩ በርካታ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠየቁ፤ አንዱ ወገን ክረምቱ በሚበረታበት መካከለኛው ምዕራብ፣ ሌላው ፀሐይ በማይጠፋበት ደቡብ ካሊፎርኒያ የሚኖር ነበር። ስለ ሌላ ሰው ገምቱ ሲባሉ በካሊፎርኒያ የሚኖረው ይበልጥ ደስተኛ ይሆናል አሉ። ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ ግን በሁለቱም አካባቢ በሕይወታቸው የነበራቸው እርካታ እኩል ሆኖ ተገኘ። ሁለት ቦታ ስናወዳድር ዓይን የሚስበውን ልዩነት እናገዝፈዋለን፤ አንተ አየሩንና ኪራዩን፣ እሷ የከተማውን እንቅስቃሴ። ቀናችንን የሚሠራው ግን ጠዋት የምንነሣበት ጉዳይና ስማችንን ጠርቶ የሚፈልገን ሰው ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ የናፈቀሽ አዲስ አበባ ከእናትሽ ቤት ተነሥተሽ፣ ልጅ ሳይኖርሽ፣ ነጭ ጋዋን ለብሰሽ የምትውይበት ከተማ ከሆነ ያን ከተማ አውቶቡስ አያደርስሽም። ዛሬ ብትሄጂ የምትገቢው ምናልባት ከከተማው ዳር ኪራይ ቤት ነው፤ ባልሽም ደስ ብሎት አይከተልሽም ይሆናል። ሄደሽም ሥራ ካልጀመርሽ ያው ዝምታ ጠባብ ቤት ውስጥ ይጠብቅሻል። ይህን የምልሽ እንድትቀሪ ለማባበል አይደለም። የምትፈልጊው ከተማውን ይሁን ሥራውን ለይተሽ እንድትጠይቂ ነው።

ወደ አንተ ልመለስ። እሷን እንዳሳምንልህ ጠይቀኸኝ ነበር፤ ያን አላደርግም፤ ማሳመኑን ለጊዜው አንተም ብትተወው እመርጣለሁ። ለጥቂት ሳምንታት ስለ ቦታ አትከራከሩ። በዚያ ፈንታ ስለ ድሮው ሥራዋ ጠይቃት፤ ምን ትወድ እንደ ነበር፣ የሙያ ፈቃዷ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ። ይህን የኋለኛውን መልስ ካላወቅኸው ብዙ ይነግርሃል። ሐረር ከእናንተ የግማሽ ሰዓት መንገድ ያህል ናት፤ ሆስፒታሎችም መድኃኒት ቤቶችም አሏት። ይህ ለእሷ መፍትሔ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ አንተ «አገኘሁልሽ» ብለህ ብታቀርበው ግን ሌላ የአንተ ስጦታ ሆኖ ያርፋል ብዬ እፈራለሁ። እሷ ራሷ ብታነሣው ይሻላል። ለሚቀጥለው ስብሰባ ስትሄድ የሚቻል ከሆነ ልጆቹን አያታቸው ዘንድ ትታችሁ አንድ ባለሙያ ፊት አብራችሁ ተቀመጡ፤ ሰባት ዓመት የተጠራቀመ ነገር በአንድ ደብዳቤ አይፈታም። ውሳኔውን ቢያንስ የትምህርት ዘመኑ እስኪያልቅ አቆዩት። በመጨረሻ አዲስ አበባ ለመግባት ብትወስኑም አንተን እንደ ተሸናፊ አላይህም።

እስከዚያው ግን ማታ በሩ ሲንኳኳ ተነሥተህ አንተ ክፈት። እንግዳዋን አስገባ፣ ወንበር ስጣት፣ የባለቤትህንም እራት ከድነህ አቆይላት።