«ጉማሬውን እዪ» ስላት ጠጠር ትለቅማለች

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። ዕድሜዬ 33 ነው። ቡና ማዘጋጃ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ሁለት ዓመት ተኩል ሆናት፣ ትንሹ ገና ሁለት ወሩ ነው።

ሳልወልድ በፊት አባትነትን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። እህቴ ልጇን ስልክ እያሳየች ስታበላ ተቆጥቻት አውቃለሁ። ለራሴም ቃል ገብቼ ነበር፦ አልጮህም፣ ስልክ አላሳይም፣ እንደ አባቴ አልሆንም። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ጅማ አዲስ አበባ ሲመላለስ ኖሯል። ማታ የመኪናው ድምፅ ሲሰማ ቤቱ ጸጥ ይላል። አቅፎኝ አያውቅም።

አሁን የእኔ ልጅ ያለ ስልክ አትጎርስም። የጅማን ክረምት ያውቁታል፤ የታጠበ የሽንት ጨርቅ ሦስት ቀን አይደርቅም። ሳሎኑ በሙሉ ገመድ ተዘርግቶበት እርጥብ ጨርቅ ይሸታል። ዳይፐር የምንገዛው ለሌሊት ብቻ ነው።

ባለፈው እሑድ ትንሽ ሲያባራ ቦዬ ወሰድኳት። ከመወለዷ በፊት ጀምሮ ስመኘው የነበረ ነገር ነው፤ ልጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ጉማሬ ማሳየት። ደግነቱ ጉማሬዎቹ ብቅ አሉልን። እሷ ግን ዞራ እንኳን አላየችም። ከትከሻዬ ወርዳ፣ ጠጠር እየለቀመች ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ትከታለች። አንድ ጠጠር ትከትና ታንቀጫቅጨዋለች፣ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትሰማዋለች፣ ከዚያ ሌላ ጠጠር። «ጉማሬውን እዪ እንጂ!» ብዬ አገጯን ይዤ አዞርኳት። አለቀሰች። ተናድጄ ይዣት ተመለስኩ።

ማክሰኞ ማታ ደግሞ ረከቦቱን ጎትታ ሲኒዎቹን ሰባበረች። ጮህኩባት። የወጣው ድምፅ የአባቴ ነው፤ ቃሉም የእሱ ነው። ሮጣ መጋረጃ ጀርባ ገባች። የሚታየኝ እግሯ ብቻ ነበር። በአንዱ እግሯ ካልሲ አላደረገችም።

ትንሹ ሲወለድ መሥሪያ ቤቴ የሰጠኝ 3 ቀን ነው። አማቴ ሊያርሷት መጥተው ነበር፣ አርባ ቀኗ ሲሞላ ወደ ሊሙ ተመለሱ። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ዝም ብላለች። ሌሊት ስታለቅስ እሰማታለሁ፤ ስጠይቃት «ድካም ነው» ትለኛለች።

የምጠይቅዎ ይህን ነው። መጥፎ አባት ነኝ? በአባቴስ ላይ ይህን ሁሉ ዓመት የፈረድኩበት ያለ አግባብ ነበር?

የጠጠር ለቃሚዋ አባት፣ ከጅማ

መልስ

ወንድሜ፣ እንኳን ጻፍክልኝ። በመጀመሪያ፣ መጥፎ አባት አይደለህም። ግን ልጅህን አስደንግጠሃታል፤ እሱን ዝም ብለህ አትለፈው። ዛሬ ማታ ወለሉ ላይ ቁጭ በልና «ማክሰኞ ጮህኩብሽ፣ አስፈራሁሽ፣ ይቅርታ» በላት። «አንቺ ሲኒ ስለሰበርሽ» የሚለውን አትጨምርበት። በእሷ ዕድሜ ያለ ልጅ ረከቦት የሚጎትተው ምን እንደሚሆን ለማየት ነው። ረከቦቱን ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጠው።

የቦዬው ነገር ልቤን ነካው። ልጅህ ሳትወለድ አንተ በሐሳብህ አንዲት ልጅ ወልደህ ነበር። ትከሻህ ላይ ሆና ጉማሬ የምታይ ልጅ። የመጣችው ግን ሌላ ናት፤ ጠጠር እያንቀጫቀጨች ድምፁን የምታዳምጥ። እኔም የመጀመሪያ ልጄን ስጠብቅ ጉልበቴ ላይ ተቀምጦ ተረት የሚሰማኝ ልጅ ነበር በሐሳቤ የነበረው። የመጣልኝ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይችል ልጅ ነው። አንድ ተረት እንኳን አላስጨረሰኝም። ብዙ ጊዜ ከፍቶኝ ነበር። ያስከፋኝ ግን ፊቴ የሚሮጠው ልጅ አልነበረም፤ ያ በሐሳቤ የነበረው አለመምጣቱ ነው። ይህን ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ዝናቡ ሲያባራ ቦዬ እንደገና ውሰዳት። ሃይላንዱን አንተ ያዝላት። ስለ ጉማሬ ምንም አትበላት።

ስለ ስልኩ ብዙ አልልህም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለሁለት ዓመት ልጅ ስክሪን በቀን ከ1 ሰዓት ባይበልጥ ይላል፤ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ ነው። ከቀኑ አንዱን ምግብ ብቻ ያለ ስልክ ጀምሩ። ለእህትህም ደውልላት፤ የምትላት ነገር ያለ ይመስለኛል።

አባትህን በተመለከተ፣ ያለ አግባብ ፈረድክ አልልህም። ልጅ አባቱ አቅፎኝ አያውቅም ብሎ ቢያዝን እውነቱን ነው። አሁን የገባህ ነገር ድካሙ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ነድቶ፣ ያንን የግቤ ቁልቁለት ወርዶ ወጥቶ ማታ በር ላይ ሲደርስ ምን ይሰማው ነበር? በሕይወት ካለ ሄደህ ጠይቀው። ይቅርታ ይለኛል ብለህ ግን አትሂድ። ምናልባት ስለ መኪናው ብቻ ያወራሃል። ተቀምጠህ ስማው።

አሁን በሁለት መስመር ወዳለፍከው ነገር ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ባለቤትህ።

ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት ሆድ መባሱና ለቅሶው በብዙ አራሶች ላይ ይደርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ሁለት ወር ላይ ሆና አሁንም ሌሊት የምታለቅስና ዝም ያለች ሴት ግን ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ይዟት ሊሆን ይችላል። ሕመም ነው፣ ይታከማል። ልጇን ስላልወደደች አይደለም። አንተ ስለ አባትነት የጠበቅኸው እንደተናደብህ ጽፈህልኛል። እሷ ስለ እናትነት የጠበቀችውን ማን ጠየቃት?

የትንሹ የ10 ሳምንት ክትባት ደርሷል። ጤና ጣቢያ አብረሃት ሂድና ነርሷን «ባለቤቴ ሌሊት ታለቅሳለች» በላት፤ ባለቤትህ አጠገብህ ሆና፣ ግን እሷን ሳታሳፍር። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የሥነ አእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ራሷን ወይም ሕፃኑን ስለመጉዳት አንድ ቃል ከተናገረች ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ብቻዋንም አትተዋት፣ ያንኑ ሰዓት ውሰዳት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ሲሰጥ ለአባት 3 ተከታታይ ቀን ብቻ ነው የፈቀደው። ስለዚህ ከዓመት ፈቃድህ ላይ ጠይቅ፤ አዲሱ ቡና ጥቅምት ላይ መግባት ሳይጀምር። ሌሊት አንተ ማጥባት አትችልም። ጠብቶ ሲያበቃ ግን ተቀብለህ ትከሻህ ላይ አድርገህ ማስገሳት ትችላለህ፤ እሷ ትተኛ።

አማትህንም ደውለህ ለምናቸው። አርባ ቀኑ አልቋል ብለው እንዳይቀሩ፣ ልጃቸው አሁንም አራስ ናት በላቸው። ነርሷ ምን እንዳለች ደግሞ ጻፍልኝ፤ እጠብቃለሁ።