ተሻላቸው ብለው አይቀመጡ፤ ዛሬውኑ ይውሰዷቸው

ጠያቂዋ እህታችን፣ እናትዎ ትናንት ማታ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ቀኝ እጃቸውም ዝሎ እንደነበረ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ሁሉም እንደተመለሰላቸው ጽፈዋል። አሁን ደኅና ስለሆኑ ድንገተኛ ክፍል ወስዶ ማንገላታቱ ይጠቅማል ወይ ብለውም ጠይቀዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ባለፈው ዓመት በዓቢይ ጾም በስትሮክ፣ ማለትም ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲቋረጥ ወይም አንጎል ውስጥ ደም ሲፈስ በሚመጣው ሕመም፣ የተያዝሁ የምዕራብ ጎጃም መምህር ነኝ። መልሴ ዛሬውኑ ይውሰዷቸው የሚል ነው። ምልክቱ በራሱ ጊዜ መጥፋቱ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለአጭር ጊዜ ተቋርጦ መመለሱን ሊያመለክት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ደግሞ ዋናው ስትሮክ የመከተሉ አደጋ ከፍተኛ ነው። እኔም ከመታመሜ ሦስት ቀን አስቀድሞ ክፍል ውስጥ ጠመኔው ከእጄ ወድቆ ጣቶቼ ለጥቂት ደቂቃ አልታዘዝ ብለውኝ ነበር። ጾሙ ያደከመኝ መስሎኝ ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኋትም።

በሦስተኛው ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ለጎረቤቴ «እንደምን አደሩ» ልል ስል ቃሉ አፌ ውስጥ ተድበሰበሰ፤ ቀኝ እግሬም ከዳኝ። ሰው ተሰበሰበ። ምች ነው ብለው ዳማከሴ ያመጡልኝ ነበሩ፤ ጠበል ይወሰድ ያሉም ነበሩ። ሁሉም ከልባቸው ተጨንቀውልኝ ስለነበር ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ፤ ነገር ግን በዚህ መሐል ከሁለት ሰዓት በላይ አለፈ። የወረዳው አምቡላንስ ወላድ ይዞ ወጥቶ ስለነበር ወንድሜ በባጃጅ ወሰደኝ።

በመጀመሪያው ሆስፒታል ያገኘሁት አቀባበል ክፉም ደግም ነበረው። ወንድሜ የጤና መድህን ደብተሬን ይዞ ካርድ ለማውጣት ሲሰለፍ እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረሁ። አንድ ባለሙያ ንግግሬ መኮላተፉን ሰምቶ «ጠጥቷል እንዴ?» ብሎ አለፈ፤ ቃሉን እየሰማሁ መመለስ ግን አልቻልሁም፤ ከሕመሙ ይልቅ ያ ጥያቄ ለብዙ ቀን ውስጤን ሲያቆስለው ኖሯል። አንድ ሰዓት ያህል እንደቆየሁ አንዲት ተረኛ ነርስ ፊቴን አይታ ቆመች። ጥርስዎን ያሳዩኝ፣ ሁለቱንም እጆችዎን አንሥተው ያቆዩልኝ አለችኝ፤ ቀኙ ወደቀ። ወዲያው ጣቴን ወግታ የደም ስኳሬን ለካች፤ ምክንያቱም የስኳር ማነስ ስትሮክን ይመስላል፤ በጊዜ ከታወቀም በግሉኮስ ይስተካከላል። የእኔ ስኳር ደኅና ነበር። ወንድሜ በሶ በጥብጦ ሊያጠጣኝ ሲል የከለከለችውም እርሷ ነች። ጉሮሮ በትክክል ካልዋጠ የሚጠጣው ነገር ወደ ሳንባ ገብቶ ሌላ በሽታ እንደሚያመጣ ያን ቀን ነው ያወቅነው።

የደም ግፊቴ 190 በ110 ነበረ። ወንድሜ ቶሎ አውርዱለት እያለ ሲለምን ጤና መኮንኑ እምቢ በማለቱ ቸልተኛ መስሎን ክፉኛ አዘንንበት። በኋላ እንደተረዳሁት ትክክል የሠራው እርሱ ነው፤ ስትሮኩ በደም መርጋት የመጣ ከሆነና የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት የማይሰጥ ከሆነ፣ ግፊቱ ከ220 በ120 ካላለፈ በቀር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በችኮላ ማውረድ የተጎዳውን የአንጎል ክፍል ጭራሽ ደም ሊያሳጣው ይችላል። ደም እንዳይረጋ የሚያግዘውን አስፕሪንም ያልሰጠኝ አንጎሌ ውስጥ ደም ፈስሶ እንደሆነ ሳይታወቅ መስጠት አደገኛ ስለሆነ ነው። ይህንኑ በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢያስረዳን ኖሮ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ባልተፈጠረ ነበር።

ሪፈር ተጽፎልን ባሕር ዳር የደረስነው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት ያለበት ሲሆን እኔ ሰባት ሰዓት ተኩል አልፎኝ ነበር፤ መድኃኒቱም ቢሆን በአገራችን እንደልብ የሚገኝ አይደለም። ሲቲ ስካን የሚባለውን የአንጎል ምስል ተነሥቼ «ንጹሕ ነው» ሲባል ቤተ ሰቤ እልል አለ፤ ተረኛው ሐኪምም ማታውኑ ወደ ቤት ልሄድ እንደምችል ተናገረ። ባለቤቴ ግን እጄ እንዳልተነሣ እያየች አልወጣም ብላ አደረች። በማግስቱ የመጡት ስፔሻሊስት «ንጹሕ» ማለት ደም አልፈሰሰም ማለት እንጂ ስትሮክ የለም ማለት አለመሆኑን፣ በደም መርጋት የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በሲቲ ላይታይ እንደሚችል በትዕግሥት አስረዱን። አስፕሪንና የደም ቅባት የሚቀንሰው አቶርቫስታቲን የተጀመረልኝ፣ የልቤ ምትም በልብ ምት መመርመሪያው (ኢሲጂ) የታየው ከዚያ በኋላ ነው። ደኅና ነኝ ብዬ በራሴ ፈቃድ የተውሁትን የግፊት መድኃኒትም ቆየት ብለው መልሰው አዘዙልኝ። ስወጣ ስለ ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም የደከመውን አካል በእንቅስቃሴ ስለሚያጠናክረው ሕክምና፣ የነገረኝ ሰው ባለመኖሩ አንድ ወር ያለ እንቅስቃሴ አልፎብኛል፤ ቀኝ እጄ ዛሬም ቁልፍ ለመቆለፍ ይቸገራል።

እንግዲህ እናትዎን ሲወስዱ ካርድ ክፍል ሰልፍ ላይ አብረው አይቁሙ፤ አንድ ሰው ካርዱን ያውጣ፣ እርስዎ እናትዎን ይዘው በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ገብተው «አፏ ተጣሞ እጇ ዝሎ ነበር» ብለው በግልጽ ይናገሩ። የሚወስዱትን መድኃኒት ከነማሸጊያው ይያዙ። በመንገድ ላይ ምልክቱ ቢመለስ ሰዓቱን ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ካልተገኘ ግን ያገኙትን መኪና ይሳፈሩ። ሐኪሙ ሲመረምራቸው ምንም ስለማያገኝ «ደኅና ናቸው» ሊልዎ ይችላል። ያን ጊዜ በትሕትና፣ ነገር ግን ሳያፈገፍጉ፣ ትናንት ማታ በስንት ሰዓት እንደጀመራቸውና ለግማሽ ሰዓት እንደቆየባቸው ካርዱ ላይ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁት።